እግራችንን ያሳሰረው ማን ነው?
የጡንቻ ሕመምና ማገገም በብስክሌት ልምምድ

ሀዋሳ ለብስክሌት የተመቸች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል የተዘረጋች ሜዳማ ከተማ በመሆኗ፣ ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነሥቶ እስከ ሐይቁ ዳርቻ ድረስ ለሚጋልብ ሰው ከመኪናውና ከባጃጁ ግርግር በቀር ብዙ የሚያስቸግረው ነገር የለም። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ በመሃል ከተማ መንገዶች የሚያልፍ ሰው፣ ገበያተኛውና ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት ለልምምድ የሚጋልቡ ወጣቶችን ማየቱ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ካጋጠመው ችግር ነው።

በመሃል ከተማ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪያችን በሳምንት አምስት ቀን፣ በየማለዳው አንድ ሰዓት ያህል ብስክሌት መጋለብ ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። በአንድ ማክሰኞ ግን የደረጃውን መደገፊያ በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ሽማግሌ አንድ በአንድ እየተጎተተ ሲወርድ አገኘነው። ምን እንደሆነ ብንጠይቀው «ብስክሌቱ ጨረሰኝ፤ ጭኔ ተሳስሯል» አለን። ጓደኞቹ «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብህ ነው» ብለውታል። በባዶ ሆዱ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ወስዷል። ብስክሌቱንም ሊሸጠው እያሰበ ነበር።

እኛም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅነው፤ «እሑድ ምን ሠራህ?»

«እሑድ እንኳ ብስክሌት አልነካሁም ዶክተር፤ ከጓደኞቼ ጋር ታቦር ተራራን በእግር ወጥተን በሩጫ ወረድን እንጂ» አለን።

የጥያቄው መልስ ያለው በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ መልሱን ለመረዳት በመጀመሪያ ስለ ጡንቻ፣ ቀጥሎም ስለ ሥራና ስለ ኢነርጂ በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን ማስታወስ ያስፈልገናል።

ሦስት የተለያዩ ስሜቶች

በዕለት ተዕለት ንግግራችን «እግሬን አመመኝ» ስንል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን።

የመጀመሪያው በልምምዱ ሰዓት የሚሰማን የማቃጠል ስሜት ነው። ባለ በሌለ ኃይላችን ስንጋልብ ጭናችን እሳት የገባበት ያህል ይለበልበናል፤ ፍጥነታችንን ስንቀንስ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል።

ሁለተኛው መዛል ነው። ጡንቻችን ሲነኩት አያምም፤ ነገር ግን ከበድ ይላል፤ ትናንት በቀላሉ የወጣነው መንገድ ዛሬ ዳገት ይሆንብናል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የጡንቻው የስኳር ክምችት ሲጎድል፣ እንቅልፍ ሲያንስ ወይም ዕረፍት የሌለበት ልምምድ ለቀናት ሲደራረብ ነው።

ሦስተኛው ዘግይቶ የሚመጣ የጡንቻ ሕመም ነው። ሥራው በተሠራበት ሰዓት ምንም አይሰማም። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ይጀምራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ለቅቆ ይሄዳል። ጡንቻውን ሲጫኑት ያማል፤ ሲዘረጉት ያማል፤ በተለይም ደረጃ ሲወርዱ ያማል። ተማሪያችንን እሑድ ሳይሆን ማክሰኞ ያሳሰረው ይህ ሦስተኛው ነው።

ሦስቱ ምክንያታቸው የተለያየ ነው፤ በመሆኑም መፍትሔአቸው የተለያየ ነው። አንዱን በሌላው መድኃኒት ለማከም መሞከር ተማሪያችን የሠራው ዓይነት ስሕተት ያስከትላል።

ላክቲክ አሲድ በሐሰት ተከሰሰ

ለሦስተኛው ሕመም በየስፖርት ሜዳው የሚወቀሰው ላክቲክ አሲድ ነው። ክሱ ግን ከጊዜ አንጻር ብቻ ቢመረመር አይቆምም። ጡንቻ በብርቱ ሲሠራ ላክቴት የተባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ እንደሚጨምር እርግጥ ነው። ነገር ግን ልምምዱ ካበቃ በኋላ አንድ ሰዓት በማይሞላ ወይም ከዚያ ብዙ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። እሑድ ማታ የሌለ ነገር ማክሰኞ ጠዋት ሊያሳምም እንዴት ይችላል?

ይህን ጉዳይ በሙከራ የፈተሹት አሜሪካዊው ጄምስ ሽዌንና ባልደረቦቹ ሲሆኑ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1983 ነው። ተመራማሪዎቹ ሰዎችን በሩጫ ማሽን ላይ ለ45 ደቂቃ አሮጡ፤ ከፊሉን በሜዳማ፣ ከፊሉን 10 በመቶ በሚያሽቆለቁል ወለል ላይ። በሜዳው ሩጫ የሯጮቹ ላክቴት በግልጽ ጨመረ፤ በማግስቱ ግን ይህ ነው የሚባል ሕመም አልተሰማቸውም። በቁልቁለቱ ሩጫ ላክቴት አልጨመረም፤ በቀጣዮቹ ቀናት ግን ጡንቻዎቻቸው ክፉኛ ታመሙ። በሌላ አነጋገር ተከሳሹ በተገኘበት ቦታ ወንጀሉ አልተፈጸመም፤ ወንጀሉ በተፈጸመበት ቦታም ተከሳሹ አልነበረም።

እንዲያውም ላክቴት ቆሻሻ ሳይሆን ማገዶ ነው። ልባችንና ሌሎች ጡንቻዎቻችን ከደም ወስደው ያቃጥሉታል፤ ጉበታችንም መልሶ ስኳር ያደርገዋል።

ከዚህ ሙከራ በፊት ብዙ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ቴዎዶር ሃፍ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አካል ምሁር የጣት ጡንቻን በክብደት እያሠራ ባደረገው ጥናት፣ ወዲያው የሚሰማው ድካምና ዘግይቶ የሚመጣው ሕመም የተለያዩ መሆናቸውን ተገንዝቦ ነበር። ሁለተኛው በጡንቻው ውስጥ ከሚፈጠር ጥቃቅን መበጣጠስ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ሲልም ጽፏል። ታዲያ መበጣጠሱን የሚያመጣው ምን ዓይነት ሥራ ነው?

አዎንታዊና አሉታዊ ሥራ

በፊዚክስ «ሥራ» ስንል ኃይልን በኃይሉ አቅጣጫ በተደረገ እንቅስቃሴ ርቀት ስናባዛ የምናገኘው መጠን ነው። ኃይሉና እንቅስቃሴው ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆኑ ሥራው አዎንታዊ፣ ተቃራኒ ከሆኑ አሉታዊ ይባላል። ባልዲ ውኃ ከጉድጓድ ስንስብ ክንዳችን አዎንታዊ ሥራ ይሠራል፤ ጡንቻው እየጎተተ ያጥራል። ያንኑ ባልዲ እንዳይወረወር ይዘን ቀስ ብለን ስናወርድ ክንዳችን አሁንም ወደ ላይ እየጎተተ ነው፤ ባልዲው ግን ወደ ታች ይሄዳል። በመሆኑም ጡንቻው እየጎተተ ይለጠጣል፤ ሥራውም አሉታዊ ነው። በመጀመሪያው ጡንቻ ሞተር ነው፤ በሁለተኛው ፍሬን ነው።

የእነዚህን ሁለት ሥራዎች ልዩነት እጅግ በሚያምር መንገድ ያሳየው ሙከራ የተሠራው፣ እንደ አጋጣሚ፣ በብስክሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በእንግሊዝ አገር በርናርድ አቦት፣ ብሬንዳ ቢግላንድና መርዶክ ሪቺ ሁለት ቋሚ ብስክሌቶችን ጀርባ ለጀርባ አቁመው በአንድ ካቴና አገናኟቸው። አንደኛው ሰው ፔዳሉን ወደ ፊት ያሽከረክራል፤ ሁለተኛው በራሱ በኩል ወደ ኋላ የሚዞረውን ፔዳል እየገፋ ይቋቋማል። ካቴናው አንድ በመሆኑ ኃይሉም ፍጥነቱም ለሁለቱ እኩል ነው። ልዩነቱ የአንደኛው ጡንቻ እያጠረ፣ የሁለተኛው ግን እየተለጠጠ መሥራቱ ብቻ ነው።

ተመራማሪዎቹ ሁለቱ የሚጠቀሙትን ኦክስጅን ሲለኩ፣ የሚቋቋመው ሰው ከሚያሽከረክረው እጅግ ያነሰ ኦክስጅን እንደሚፈጅ አገኙ፤ ፔዳሉ በፈጠነ መጠንም ልዩነቱ እየሰፋ ሄደ። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ በሮያል ሶሳይቲ መሣሪያው ለሕዝብ ሲታይ፣ አንዲት ትንሽ ሴት ብዙም ሳትደክም በመቋቋም ብቻ ወንዱን አድክማ አስቁማው ተመልካቹን አስደስታለች። ይህን ታሪክ የነገሩን ስለ ጡንቻ ሙቀት ባደረጉት ምርምር የ1922ን የኖቤል ሽልማት ከኦቶ ማየርሆፍ ጋር የተጋሩት አርችቦልድ ሂል ናቸው።

ከዚህ ውጤት በመነሣት አሉታዊ ሥራ የሚወደድ ሥራ ነው ብለን ልንደመድም እንችል ይሆናል። ነገር ግን ርካሽነቱ ዋጋ አለው። እየተለጠጠ የሚሠራ አንድ የጡንቻ ክር እያጠረ ከሚሠራው የበለጠ ኃይል መሸከም ይችላል፤ ስለዚህ ለተመሳሳይ ሸክም አእምሯችን የሚጠራቸው ክሮች ቁጥር ያንሳል። የአገራችን ሰው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። በአሉታዊ ሥራ ጊዜ ሎሚው ያው ሃምሳ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ግን ጥቂት ናቸው።

በጡንቻው ውስጥ የሚሆነው

ጡንቻ በጥቃቅን ክሮች የተሠራ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክር ሳርኮሜር የሚባሉ ክፍሎች እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥለው የሚሠሩት ነው። የአንዱ ሳርኮሜር ርዝመት ከሚሊሜትር ሁለት ሺህኛ ብዙ የሚበልጥ አይደለም። በውስጡ አክቲንና ማዮሲን የተባሉ ፕሮቲኖች እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ይጎተታሉ። ክሩ ጭነት ተሸክሞ ሳለ በግድ ሲለጠጥ፣ ከሰንሰለቱ ደካማ የሆኑት ሳርኮሜሮች ከልክ በላይ ተስበው ይዛነፋሉ።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስዊድናዊው ያን ፍሪዴንና ባልደረቦቹ ደረጃ ደጋግመው ከወረዱ ሰዎች፣ ቀጥሎም በመቋቋም ብስክሌት ላይ ከሠሩ ሰዎች እግር ላይ ጥቂት ጡንቻ ወስደው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ቀጥ ብለው መታየት የነበረባቸው የሳርኮሜር ወሰኖች ተጣምመውና ተበታትነው ተገኙ።

ከጉዳቱ በኋላ ሰውነት የጥገና ሥራ ይጀምራል። የደም ነጭ ሕዋሳት ወደ ቦታው ይመጣሉ፤ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ የነርቭ ጫፎችም ከወትሮው ይልቅ ንቁ ይሆናሉ። ለመጫን እንኳ የሚያመን ለዚህ ነው፤ ሕመሙ የሚዘገየውም ጥገናው ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ጥገናው ሲያልቅ ጡንቻው ለተመሳሳይ ሥራ የበለጠ ዝግጁ ሆኖ ይገኛል። አንድ ጊዜ ቁልቁለት የወረደ ሰው ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ያንኑ ቢደግም ሕመሙ በጣም ይቀንስለታል።

ብስክሌትና ታቦር

አሁን ወደ ተማሪያችን እንመለስ። ክብደቱ 65 ኪሎ ግራም ነው እንበል። በእግሩ 100 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ሲወርድ የሚያጣው የአቀማመጥ ኢነርጂ፦

65 × 9.8 × 100 = 63,700 ጁል

ይህ ኢነርጂ የትም አይጠፋም። እጅግ አብዛኛውን የሚውጠው በየእርምጃው እየታጠፈ የሚለጠጠው ጡንቻ ነው፤ ከሁሉም በላይ የጭን የፊት ጡንቻ። ያው ልጅ 15 ኪሎ ግራም በሚመዝን ብስክሌት ተቀምጦ ያንኑ ከፍታ ቢወርድ የሚዋጠው ኢነርጂ 78,400 ጁል ነው፤ ከበፊቱ ይበልጣል። ነገር ግን የሚውጡት ፍሬኑና አየሩ ናቸው፤ የሚሞቀው የፍሬኑ ጎማ እንጂ የሚበጣጠሰው ጭኑ አይደለም። በብስክሌት ላይ የጡንቻ ድርሻ መግፋት ነው፤ ማቆም የፍሬን ነው።

በሜዳውስ? በሀዋሳ ጎዳና በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 5 ሜትር እንሂድ። የልጁና የብስክሌቱ ክብደት በድምሩ 80 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ለአስፋልት የጎማ ግጭት መለኪያውን 0.008 ብንወስድ፣ ጎማው የሚያመጣው ተቃውሞ 6.3 ኒውተን ይሆናል። በከተማችን ከፍታ የአየር እፍጋት በሜትር ኩብ 0.97 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ቀጥ ብሎ ለተቀመጠ ሰው የፊት ስፋትና የቅርጽ መለኪያ ብዜቱን 0.6 ሜትር ካሬ ብንል የአየሩ ተቃውሞ 7.3 ኒውተን ይሆናል። ድምሩ 13.6 ኒውተን ነው፤ በፍጥነቱ ሲባዛ 68 ዋት ይሰጠናል። ፔዳሉ በደቂቃ 60 ጊዜ ቢዞር እያንዳንዱ እግር በየዙሩ የሚሠራው 34 ጁል ብቻ ነው፤ ያም አዎንታዊ ሥራ ነው። በአንጻሩ ይኸው ልጅ 17 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላትን አንዲት ደረጃ ሲወርድ አንድ እግሩ 108 ጁል ያህል ይቋቋማል፤ ያም አሉታዊ ሥራ ነው።

ሳምንታት በሚፈጁ የብስክሌት ውድድሮች የምናየው ነገርም በዚህ ይብራራል። በሜልበርን እ.ኤ.አ. በ1956 በተካሄደው ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባን ጨምሮ ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች አገራቸውን ወክለው ጋልበዋል። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ያ ውድድር 21 የውድድር ቀናትና ሁለት የዕረፍት ቀናት ብቻ ያሉት፣ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ነው። ብስክሌተኛ በቀን ለአራትና ለአምስት ሰዓት እየጋለበ ሦስት ሳምንት ሊዘልቅ ይችላል። የማራቶን ሯጭ ግን አንድ ውድድር ከጨረሰ በኋላ በቀጣዩ ቀን ሌላ ማራቶን በውድድር ፍጥነት ሊሮጥ አይችልም። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2013 እና በ2015 ያሸነፈበት የቦስተን ማራቶን ከመነሻው እስከ መድረሻው 140 ሜትር ገደማ ስለሚያሽቆለቁል የሯጮችን ጭን በማሳመም የታወቀ ነው። የድካሙ መጠን ብቻ ሳይሆን የሥራው ምልክት፣ ማለትም አዎንታዊ ወይም አሉታዊ መሆኑ፣ ልዩነት ያመጣል።

ታዲያ ብስክሌተኛን ሲያመው?

ይህ ሲባል ብስክሌተኛ ከቶ አያመውም ማለት አይደለም። ነገር ግን ዘወትር የሚጋልብ ሰው ለቀናት የሚቆይ ሕመም ከተሰማው፣ ሕመሙ የጥሩ ልምምድ ማረጋገጫ ነው ብሎ ከመደሰቱ በፊት ምክንያቱን መፈለግ ይገባዋል።

አንደኛ፣ ከብስክሌት ውጭ የሠራውን ይመርምር። ኳስ መጫወት፣ መዝለል፣ ክብደት ማንሣት፣ ቁልቁለት መውረድ ሁሉም አሉታዊ ሥራ አለባቸው።

ሁለተኛ፣ ጭማሪውን ይመርምር። የአየር ተቃውሞ በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ ፍጥነትን በጥቂቱ መጨመር ሥራውን በብዙ ይጨምራል። ከላይ ባየነው ስሌት ፍጥነታችንን ከ18 ወደ 27 ኪሎ ሜትር ብናሳድገው አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ጨመርን፤ የሚፈለገው አቅም ግን ከ68 ወደ 170 ዋት፣ ሁለት ተኩል እጥፍ ይደርሳል። ከፈጣኖች ጓደኞቹ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ጀማሪ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ኮርቻውን ይመርምር። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ከመጠን በላይ ይታጠፋል፤ የጉልበት የፊት ክፍል ያማል። ከፍ ካለ ዳሌ ግራና ቀኝ ይናጣል፤ የጉልበት የኋላ ክፍልና ወገብ ያማሉ። ቀላሉ መለኪያ ይህ ነው፤ ኮርቻው ላይ ተቀምጠን ፔዳሉን ወደ ታች አድርሰን ተረከዛችንን ብናሳርፍበት እግራችን ቀጥ ማለት አለበት። ስንጋልብ የምንረግጠው በእግራችን የፊት ክፍል ስለሆነ ጉልበታችን በመጠኑ ታጥፎ ይቀራል። በከተማችን በኪራይ ወይም በውሰት ብስክሌት የሚለማመድ ሁሉ ይህን ሳያይ መነሣት የለበትም።

ማገገም ማለት ምን ማለት ነው?

ልምምድ ጡንቻን አያጠነክርም፤ እንዲጠነክር ያዝዘዋል እንጂ። ትእዛዙ የሚፈጸመው በዕረፍት ጊዜ ነው። ስለዚህ ዕረፍት ከልምምድ የተሰረቀ ጊዜ ሳይሆን የልምምዱ ግማሽ ነው።

በመጀመሪያ ማገዶውን እንመልከት። ሰው በብስክሌት ሲሠራ ከሚያቃጥለው ኢነርጂ ወደ ፔዳሉ የሚደርሰው ከ20 እስከ 25 በመቶ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። 22 በመቶ ብንወስድ፣ በ170 ዋት አንድ ሰዓት የጋለበ ልጅ 2,780 ኪሎ ጁል ገደማ አቃጥሏል። ከዚህ ሁለት ሦስተኛው ከካርቦሃይድሬት ቢመጣ 110 ግራም ያህል ይሆናል። በጡንቻችን ውስጥ የሚከማቸው ግላይኮጅን በድምሩ ከ400 እስከ 500 ግራም ብቻ በመሆኑ፣ ሳይተካ አራት ቀን የተጋለበበት ክምችት ምን እንደሚመስል ማሰብ አያዳግትም። ቆጮ፣ እንጀራ፣ ድንች፣ ሩዝና ዳቦ ይህን ክምችት ይሞላሉ፤ በቂ ከተበላ 24 ሰዓት ገደማ ይበቃል።

ለጥገናው ፕሮቲን ያስፈልጋል። አዘውትሮ ለሚለማመድ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ1.2 እስከ 2 ግራም ይመከራል፤ ለተማሪያችን ከ78 እስከ 130 ግራም ማለት ነው። ቆጮ በስታርች የበለጸገ ቢሆንም በፕሮቲን ድኻ ስለሆነ ለብቻው አይበቃም። ከሐይቃችን የሚወጣው ዓሣ በ100 ግራም ሥጋው ከ18 እስከ 20 ግራም ፕሮቲን አለው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ የተቀቀለ ቦሎቄ በ100 ግራም ከ8 እስከ 9 ግራም ይሰጣል። በጾም ወራት ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ቦሎቄ ይህን ድርሻ ሊሸፍኑ ይችላሉ፤ መጠናቸው ግን ከፍ ማለት አለበት። እስከ ቀትር በኋላ የሚጾም ወይም በረመዳን የሚጾም ተማሪ ከባዱን ልምምድ ወደ መብሊያው ሰዓት ቢያስጠጋ፣ ምግቡና ውኃው ጡንቻው በሚፈልገው ጊዜ ይደርሱለታል።

ከሁሉ የሚበልጠው እንቅልፍ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ላለ ወጣት ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ለጎልማሳ ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልጋል። ለፈተና ሌሊቱን ያነጋ ተማሪ በማለዳው ፈጥኖ ለመጋለብ ከሚነሣ ቢተኛ ይሻለዋል።

ብዙዎች ከሚያደርጓቸው ነገሮች መካከል አንዳንዶቹ የሚታሰበውን ያህል አይጠቅሙም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የ12 ጥናቶች ግምገማ፣ ከልምምድ በፊትም ሆነ በኋላ ሰውነትን ማሳሳብ ዘግይቶ የሚመጣውን ሕመም የሚቀንሰው እጅግ በጥቂቱ እንደሆነ አሳይቷል። መታሸት በመጠኑ ያስታግሣል። ቀዝቃዛ ውኃም እንዲሁ፤ ነገር ግን በጥናቶቹ የተሞከረው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሆነ ውኃ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ ውኃ ያን ያህል አይቀዘቅዝም፤ በዚያ ላይ የብልሃርዝያ በሽታ ሊያስይዝ ስለሚችል የእግር መንከሪያ ሊሆን አይገባም። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ክኒኖች ሕመሙን ቢያደበዝዙም ጥገናውን አያፋጥኑም፤ በባዶ ሆድ ጨጓራን፣ ውኃ በጎደለው ሰውነት ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። በታመመ ጡንቻ ላይ ቀላል እንቅስቃሴ ማድረግ ግን ለጊዜው ያፍታታል። ለዚህ ደግሞ በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ መጋለብን የሚያህል አይገኝም፤ ተማሪያችን ሊሸጠው ያሰበው ብስክሌት መድኃኒቱ ነበር ማለት ነው።

መታገሥ የማይገባው ሕመም

እስካሁን የተናገርነው በሁለቱም እግር እኩል ስለሚሰማ፣ ሲነኩት ስለሚያምና ቀን በቀን ስለሚቀንስ ሕመም ነው። በአንድ ቦታ እንደ መርፌ የሚወጋ፣ በመጋጠሚያ ላይ የሚሰማ፣ በልምምዱ መካከል በድንገት የጀመረ ወይም ከሳምንት በላይ የቆየ ሕመም ከዚህ ይለያል፤ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ምልክት ደግሞ ይህ ነው፤ ከብርቱ ልምምድ በኋላ ጡንቻው ከልክ በላይ ካበጠና ከደከመ፣ ሽንትም እንደ ጥቁር ሻይ ወይም እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ከተሰባበረው ጡንቻ የወጣ ፕሮቲን ወደ ኩላሊት እየፈሰሰ መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው አደጋ ብዙ ጊዜ የማይደርስ ቢሆንም፣ «ወንድ ልጅ ይችላል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ማጠቃለያ

ሕመም የልምምድ መለኪያ አይደለም። ያላመመው ሁሉ አልሠራም ማለት አይደለም፤ ያመመውም ሁሉ በረታ ማለት አይደለም። መለኪያው በተመሳሳይ መንገድ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት፣ ከወር በፊት ከነበረው ባነሰ ድካም መጓዝ መቻል ነው።

ተማሪያችን ሁለት ቀን ቀስ እያለ ጋለበ፤ ዓርብ ዕለት ደረጃውን ሳይደገፍ ወረደ። ታቦርንም አልተወውም። በቀጣዩ ጊዜ ተራራውን ወጥቶ በሩጫ ሳይሆን በዝግታ ወረደ፤ በሦስተኛው ቀንም እግሩ አልተሳሰረም። ብስክሌቱ ዛሬም በእጁ ነው።

ለተማሪዎች መልመጃ

1. ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው 3 ሜትር ከፍታ ያለውን ደረጃ አምስት ጊዜ ቢወርድ ጡንቻዎቹ የሚቋቋሙት ሥራ ቢበዛ ስንት ጁል ነው?

2. በጽሑፉ የተሰጡትን መጠኖች በመጠቀም በሜዳ ላይ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ለመጋለብ የሚያስፈልገውን አቅም አስሉ። በ18 ኪሎ ሜትር ከሚያስፈልገው ስንት እጥፍ ነው?

3. ጉልበታችንን አጥፈን ሳንንቀሳቀስ ብንቆም የምንሠራው መካኒካዊ ሥራ ዜሮ ነው። ታዲያ ለምን እንደክማለን? ሳርኮሜር በሚለው ክፍል የተባለውን አስታውሳችሁ ተወያዩበት።

መልስ፦ 1) 10,290 ጁል፤ 2) 354 ዋት ገደማ፣ ከአምስት እጥፍ በላይ።